ሳይረጥብ የተጣለው የስፌት መኪና

ክሪኩ፣ ትንሹ ወንዝ፣ የሚያልፈው ከእህቴ ቤት ጀርባ ነው። ዳላስ አጠገብ ባለችው ካሮልተን ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ በኮንክሪት ግድግዳ የተያዘ ቀጭን ውሃ። በሐምሌ ሙቀት ውሃው የዳክዬ እግር አያርስም። የእህቴ ባል፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ቤቱን የወደዱት በዚህ ውሃ ምክንያት ነው። ገና ሳይገዙት ጓሮው ውስጥ ቆመው "ይሄ ውሃ በረካ ነው፣ እንግዛው" አሉ። እህቴ ደግሞ የወደደችው መስኮቱን ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ሰፊ መስኮት አለ። የስፌት መኪናዋን እዚያ አስቀመጠችና ቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ሆነ። የሰው ቀሚስ ታሳጥራለች፣ ሱሪ ታጠባለች፣ ለሠርግ የሚለበሰውን ሁሉ ለክታ ትሰፋለች። ሰው ቤቷ የሚመጣው ግማሹ ለጨዋታ፣ ግማሹ ለዚፕ ነው።

ጋሼ ወለድ አይነኩም። ዳላስ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድተዋል፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከባንክ ሳንቲም አልተበደሩም። ቤቱን የገዙት የመስጊድ ወዳጆቻቸው ተሰባስበው ያለ ወለድ ባበደሯቸው ገንዘብ ነው፤ ቀስ እያሉ ከፍለው ጨርሰዋል። ይህን የማነሳው ላመሰግናቸው አይደለም። በባንክ ብድር ቢገዙት ኖሮ ባንኩ ገና ከመጀመሪያው የጎርፍ ካርታውን ያወጣ ነበር። መንገዱ በቀለም በተቀባው ክልል ውስጥ መሆኑን አይቶ "የጎርፍ ኢንሹራንስ ግዙ፤ አለበለዚያ ብድር የለም" ይላቸው ነበር። ባንክ የሚያስበው ለራሱ ነው፤ ግን ያስባል። ያለ ባንክ የገዛን ሰው የሚጠይቀው የለም። ጋሼ ከሚያውቋቸው ሰዎች ውስጥ ቤት የገዛው ሁሉ እንደ እሳቸው ነው የገዛው፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ስለ ካርታው የሚነግረው አልነበረም።

እኔ የማውቀው ሥራዬ ጋዜጠኝነት ስለሆነ ብቻ ነው። ጎርፍ ከወረደ በኋላ የሰው በር ማንኳኳት ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የማየው ሁልጊዜ አንድ ነው። ደጅ ላይ እርጥብ ምንጣፍ ተቆልሏል፤ አጠገቡ እጁን ኪሱ የከተተ ሰው ቆሟል። ከዚያ ያቺ ንግግር ትመጣለች፦ "ኢንሹራንስ እኮ አለን።" እውነቱን ነው፣ አለው፤ የቤት ኢንሹራንስ። ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ሰው ኢንሹራንስን የሚያውቀው በጣራው በኩል ነው። በረዶ ይወርዳል፣ ጣራው ይጎዳል፣ በማግስቱ ጣራ ሠሪዎች መሰላል ጭነው በየበሩ ይዞራሉ፣ ኩባንያው ይከፍላል። ውሃ ሁሉ እንደዚያ የሚከፈልበት ይመስላል። አይደለም ብዬ ስጽፍ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ጽሑፉ ይነበባል፣ ዝናቡ ያልፋል፣ በሚቀጥለው ጎርፍ ሌላ ሰው ሌላ ደጅ ላይ ቆሞ ያንኑ ይለኛል።

ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ፤ አርብ አርብ ምሳ ላይ።

"ከሰማይ ወርዶ በተቀደደ ጣራ የገባ ውሃ የቤት ኢንሹራንሱን ይመለከታል" አልኳቸው። "መሬት ነክቶ በበር የገባ ውሃ ግን አይመለከተውም።"

"መሬት ሲነካ ሃይማኖቱን ይቀይራል እንዴ?"

"ውሉ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ያው አንድ ውሃ እኮ ነው አንቺ ልጅ።"

"ያው ነው ጋሼ። ለብቻው ካልተገዛ ግን አይከፍሉም።"

እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "ግዛላትና ዝም ትበልልን" አለች።

ገዙ፤ ለቤቱም ለዕቃውም። ካርታው አሳምኗቸው ሳይሆን ምሳ በሰላም መብላት ፈልገው ነው። ከተገዛ በኋላም ሥራ እስኪጀምር ወር ገደማ ይጠበቃል፤ ሰው ደመና ባየ ቁጥር እየሮጠ እንዳይገዛ ነው። ያ ወር ደረቅ ሆኖ አለፈ። እኔም ጉዳዩን ረሳሁት ማለት ይቻላል።

ጎርፉ የመጣው በጸደይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሁላችንም ስልክ ላይ አንድ ላይ ሲጮህ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ዳላስ ውስጥ ሌላ የተጥለቀለቀ መንገድ ዳር። ጋሼና እህቴ ሌክ ሃይላንድስ ወዳለው አፓርትመንቴ ሸሽተው ከደረሱ በኋላ ጋሼ ኮል አደረጉልኝ።

"እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ውሃው ሳሎን ገብቷል።"

"ምን ድረስ?"

"ስንወጣ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። አሁን እስከ ባት ሳይደርስ አይቀርም።"

"ጋሼ፣ ውሃው ሲወርድ ፎቶ ሳይነሳ ምንም ነገር እንዳይነካ። እርጥቡ ምንጣፍ እንኳ ባለበት ይቆይ። የኢንሹራንሱ ሰው መጥቶ እስኪያይ።"

"አብሽሪ። ማን ይነካዋል?"

ያልጠየቅኳቸው ነገር ቁልፉን ለማን እንደሰጡ ነው። ለቀድሞ የታክሲ ጓደኛቸው ሰጥተው ነበር፤ መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ እንዲያጠፋ። ያ ሰው ዛሬም ኤርፖርት እየተመላለሰ ይሠራል፤ ሁላችንም ሾፌሩ ነው የምንለው። የእድራቸው ሰብሳቢም እሱ ነው። ሾፌሩ መብራቱን አጠፋ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ሳሎኑን አየ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣ።

እድር ምን እንደሚያደርግ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ለቅሶ ቤት ባለቤቱ ዕቃ አያነሳም። ሰው ይገባል፣ ሶፋውን ያወጣል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ማእድ ቤቱን ይረከባል። የቱን ላንሳ ብሎ ባለቤቱን መጠየቅ ራሱ ነውር ነው፤ ሐዘኑ ላይ ሐሳብ መጨመር ነው። ሾፌሩ የጠራቸው የእድሩ ሰዎችም ጎርፉን እንደ ለቅሶ ነው የያዙት። ጋሼና እህቴ ሲመለሱ ያን ጭቃ እንዳያዩ ብለው ውሃው መውረድ ሲጀምር ገቡ።

እሑድ ጠዋት ሦስታችን ሄድን። በሩ ሲከፈት የበረኪና ሽታ ፊታችንን መታን። ምንጣፉ ተነስቷል። የጂብሰም ግድግዳው ዙሪያውን ከወገብ በታች በቀጥታ መስመር ተቆርጦ እንጨቱ ብቻ ቆሟል፤ ከሰዎቹ ሁለቱ የአፓርትመንት ጥገና ሠራተኞች ስለሆኑ ሥራውን ያውቁታል። የኪችኑ የታች ካቢኔቶች የሉም። መብራቱ ተመልሶ በየክፍሉ ቬንትሌተር ይዞራል። ወለሉ ፊት ያሳያል። ሾፌሩ መሐል ላይ ቆሞ እጁን እየጠረገ ይስቃል።

"እንዴት ነው? ሙሽራ አላስመሰልናትም?"

"ዕቃውስ?" አልኩ።

"አብሽሪ፣ ሁሉም ሄዷል። በትራክ ሁለት ምልልስ ነው የጨረስነው። አንድ ጭቃ የነካው ነገር እዚህ ቤት የለም።"

ፎቶ አንስታችኋል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እህቴ ቀድማኝ ወደ መስኮቱ ጥግ ሄደች።

"የስፌት መኪናዬስ?"

"ሁሉም አንድ ላይ ነው የሄደው እትዬ።"

ባዶውን ጥግ አየችው፤ ከዚያ ወጥታ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጠች። ጋሼ ግን ሾፌሩን አቅፈው ትከሻውን ደጋግመው መቱት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልና ሚስቱ ተለያይተው ማደር ጀመሩ። ጋሼ ባዶው ቤት ውስጥ በፍራሽ፣ እህቴ እኔ ጋ። አልጋዬን ለቅቄላት ሶፋ ላይ ተኛሁ። አልተጣሉም፤ በቀን ደጋግመው ይደዋወላሉ። ተመለሽ ሲሏት ግን "ምን አለኝ ብዬ?" ትላለች። ያንን ስትል ስለ ቤቱ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ለሥራ ስወጣ መስኮቴ ጋ ተቀምጣ የመኪና ማቆሚያውን ስታይ እተዋታለሁ፤ ስመለስ እዚያው ናት። አንድ ቀን የላላ የሸሚዝ ቁልፌን በእጇ አጥብቃ ሰፍታው አገኘሁ። ሌላ ቀን ያልላላውን ሁሉ አጥብቃው አገኘሁ።

ጉዳት ገማቹ፣ እዚህ አጀስተር የሚባለው፣ በሳምንቱ መጣ፤ እኔና እህቴም ለዚያ ወደ ካሮልተን ሄድን። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማው ላይ የሌላ ሰው ቤት ጭቃ ደርቋል። ካሮልተን ከመድረሱ በፊት ስንት ቤት እንዳየ ከትከሻው ያስታውቃል። ሳሎኑን ዞረና ቆመ።

"ከጎርፍ በኋላ እንዲህ ንጹሕ ቤት አይቼ አላውቅም" አለ። ሙገሳ አልነበረም። "የትኛው ኩባንያ ነው የሠራው?"

"ኩባንያ አይደለም፤ ሰዎች ናቸው" አልኩት።

"የምን ሰዎች?"

እድርን ላስረዳው ሞከርኩ። የቀብር ማኅበር ብዬ ስጀምር የተቆረጠውን ግድግዳ ዞር ብሎ አየው። ተውኩት። ውሃው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነገር እንዳለን ጠየቀኝ። ፍሪጁ ላይ የነበረው የጭቃ መስመር ታጥቧል፤ ፍሪጁም የለም። ለዓመታት ለማላውቃቸው ሰዎች "ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ" እያልኩ ስጽፍ ኖሬ፣ የገዛ እህቴ ቤት ውስጥ ባዶ እጄን ቆምኩ። የሚያናድድ እንኳ አልነበረም። ሰው ሲደክመው እንደሚሆነው፣ ነገሩ ትክክል ሆኖ ታየኝ።

ያዳነን የእነሱ ቀልድ ነው። ሾፌሩ ሥራውን ሲሠሩ እየቀረጸ የእድሩ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፍ ውሏል፤ ለማስረጃ ሳይሆን ያልመጡትን ለማሳፈር። ጋሼ ስልካቸውን አወጡና ለገማቹ ሰጡት። ቪዲዮው ውስጥ ውሃው ገና ሙሉ በሙሉ አልወረደም። ሁለት ሰዎች ሶፋ ተሸክመው ከበሩ ጋር ይታገላሉ።

"ቀስ በል አንተ፣ ወገቤን!"

"ወገብ አለህ እንዴ? እኔ ሆድ ብቻ ነው የሚታየኝ!"

"ይሄን ሶፋ አደራ፣ የዚህን ሰፈር ሐሜት ሁሉ የሰማ ሶፋ ነው፤ ሲናገር እንዳትሰሙት!"

ገማቹ "ምን እያሉ ነው?" አለኝ።

"እየተሰዳደቡ ነው።"

"ተጣልተዋል?"

"አይ፣ ይዋደዳሉ።"

አንድ በአንድ እያቆመ አየ። ምንጣፉን፣ ፍሪጁን፣ ካቢኔቶቹን፣ አልጋውን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር። ለእያንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ከዚያ መስኮቱ ጥግ ደረሰ። አንድ ወጣት የስፌት መኪናውን ከነጠረጴዛው ያነሳል። የጠረጴዛው እግር ረጥቧል። መኪናው ላይ ግን እህቴ ሁልጊዜ የምታለብሰው ነጭ ጨርቅ አለ፤ ጨርቁ ደረቅ ነው፤ ንፋስ ሲገባ ጫፉ ይርገበገባል።

ሁላችንም አየነው። እህቴ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ "ረጥቧል በይው" አለችኝ።

ገማቹ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አለች?"

"ረጥቧል በይው አለችኝ" አልኩት። "ቪዲዮው ላይ ግን ደረቅ ነው።"

እህቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ቅሬታ አልነበረም፤ እንዲያውም ሳትገረም ነው ያየችኝ፤ ሕፃን ሆነንም እናታችን ብርጭቆውን ማን ሰበረው ስትለን የምናገረው እኔ ነበርኩ። ገማቹ እስክሪብቶውን ዘጋ። ውሃ ያልነካውን ዕቃ በጎርፍ ስም መጻፍ እንደማይችል ተናገረ፤ ይቅርታም ጠየቀ። የጣለው ጎርፉ አይደለም፤ ሰው ነው።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለ። ያልተጠየቀውን መናገር እንዳለበት ሲያመነታ ይታይ ነበር። "ይህን ሁሉ ሥራ ኩባንያ ቢሠራው ደረሰኝ ታቀርቡ ነበር" አለ። "ቤተሰብና ጓደኛ የሠራውም ቢሆን ስንት ሰው ስንት ሰዓት እንደሠራ ተጽፎ የቤቱ ባለቤት ከፈረመበት ልናስብላችሁ የምንችልበት መንገድ አለ።" የስፌት መኪናውን ስም አልጠራም፤ ግን የሚያየው ወደ እህቴ ነበር።

ለጋሼ ተረጎምኩላቸው።

"አይሆንም" አሉ።

"ሐሰት እኮ አይደለም ጋሼ። ሠርተዋል፤ የሠሩት ሥራ ሐቅ ነው።"

"ሐቅ ነው። ዋጋ ግን አይወጣለትም። ለአላህ ብሎ የመጣን ሰው በሰዓት አስልቼ ፈርሜ ልሽጠው? ነገ የአንዱ ቤት ቢቃጠል ከመሄዴ በፊት ታሪፉ ስንት ነው ልለው?"

እህቴ ያን ጊዜ ተናገረች። "የእነሱ ላብ ዋጋ የለውም። የእኔ መኪናስ? እሱ ዋጋ ነበረው። ማንን ጠየቁ? ለአንተ ብለው መጡ፣ የእኔን ጣሉ፣ አንተ አቀፍካቸው።"

ገማቹ ጋሼ ለመፈረም ጊዜ እንዳላቸው ነግሮን ሄደ። እኔና እህቴ ወደ ሌክ ሃይላንድስ ተመለስን።

ሁለቱንም እረዳቸው ነበር፤ ያ ነው ያደከመኝ። በሥራዬ አንዱ ወገን ሲናገር ሌላውን ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ እወጣለሁ። እዚህ የምወጣበት በር አልነበረም፤ አንደኛዋ አልጋዬ ላይ ነው የተኛችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ለሾፌሩ ራሷ ደወለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል።

"አንተ፣ የስፌት መኪናዬን ጥለኸዋል።"

"የቱን…? እትዬ፣ የረጠበውን ሁሉ ነው እኮ—"

"አልረጠበም። ቪዲዮህ ላይ እየው።"

ከኋላው የኤርፖርቱ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

"ማን አዘዘህ አትይኝም?" አለ በመጨረሻ።

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም። ሶ… ያው፣ ብትመለሺ ምንም ነገር እንዳታይ ብለን ነው። ወላሂ፣ ማለቴ፣ ሴቶቹን እንኳ አንድ ሰው ጠይቁ ያለ የለም። አስር ወንድ ተሰብስበን ስለ ስፌት መኪና ምን እናውቃለን?"

"ሱሪህን ማን እንደሚያጠብልህ ታውቃለህ።"

"ማጥበብ ቀርቷል እትዬ፤ አሁን ማስፋት ነው።"

ከጎርፉ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው፤ አጭር ነበር፣ በአፍንጫዋ። ሾፌሩም ሳቋን ሰምቶ ደፈረ። ስለ ገማቹ ነገር ጋሼ ነግረውት ኖሯል። "ጻፉት" አለ። "የሌሎቹን አላውቅም፤ የእኔን ጻፉት። የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ላቤ ለዚያ ይሁን።"

እኔ ገባሁበት። "ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ሠራህ?"

"ለዜና ነው ለኢንሹራንስ?"

"ለኢንሹራንስ።"

"ዙሁር ሰግደን ገባን። ዓስርን ጓሮው ውስጥ ሰገድን። መግሪብ ሲገባ ወለሉን እያጠብኩ ነበር።"

የዚያን ቀን የሶላት ሰዓት ፈልጌ አገኘሁና ጻፍኩት። ገማቹ እንደዚያ ያለ የሥራ ሰዓት መዝገብ አይቶ እንደማያውቅ በኋላ ነግሮኛል፤ ግን ተቀበለው።

ፊርማው ግን የጋሼ ነበር። ማክሰኞ ነው መሰለኝ ሳይደውሉ መጡ። አፓርትመንቱ ሥር መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ቆይተው ነበር፤ እህቴ ከመስኮቱ አይታቸዋለች፣ አልጠራቻቸውም። ገብተው ተቀመጡ። ሻይ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም።

"ሾፌሩ ነገረኝ" አሉ። "ሌሎቹም እየደወሉ የእኛንም ጻፍ እያሉኝ ነው። እምቢ ብያቸዋለሁ። የእሱን ብቻ እፈርማለሁ። ዋጋ ብዬ አይደለም፤ ካሳ ብዬ ነው። ያጠፋ ሰው ልካስ ካለ መከልከል አልችልም።" ከዚያ ወደ እህቴ ሳያዩ "መጠየቅ ነበረብን" አሉ። "እኔም ጭምር።"

"ከስፌት መኪናው የሚተርፍ ካለ ለኪችኑ ነው" አለች።

"ለእድሩ ነው ብዬ ነበር።"

"ለኪችኑ።"

"እሺ፣ ለኪችኑ።"

ብዙ አልተረፈም። ኢንሹራንሱ ግድግዳውን ከፈለ፣ ወለሉን ከፈለ፣ በቪዲዮ የታየውን ዕቃ ከሞላ ጎደል ከፈለ። ግድግዳውን መልሰው የሠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሾፌሩ ሚስማር ከመምታቱ በፊት "እትዬ፣ ይሄን እዚህ ላድርገው?" እያለ እስኪያሰለቻት ጠየቃት። የጂብሰሙ መገጣጠሚያ በሳሎኑ ዙሪያ ትንሽ ጠመም ብሎ ይሄዳል። ጋሼ "ያስታውቃል?" አሉኝ። ያስታውቃል አልኳቸው።

እህቴ ተመልሳ ገብታለች። አዲሱ የስፌት መኪና መስኮቱ ጥግ ነው። ጋሼ ጠረጴዛውን አራት የሲሚንቶ ብሎኬት ላይ አቁመውታል፤ ጎርፉ ከደረሰበት መስመር በላይ እንዲሆን። እንደዚያ ሲሆን ከፍታው በተራ ወንበር ስለማይሠራ ረጅም የባንኮኒ ወንበር ገዙላት፤ ረጅሙ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስ ፔዳሉንም ሣጥን ላይ ሰቀሉት። ሌላውን ነገር እሷ ራሷ ነው ያደረገችው፤ የኪችኑን አዳዲስ የታች ካቢኔቶች ባዶ ትታ ዕቃዋን ሁሉ የላይኞቹ ውስጥ ደርድራለች። ሰሐን ለማውረድ በርጩማ ላይ ትወጣለች።

ባለፈው አርብ ምሳ ላይ ኢንሹራንሱ የሚታደስበት ጊዜ መድረሱን ነገርኳቸው። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ ቀስ ያለ፤ ጋሼ ደጋግመው ወደ ጓሮው ያያሉ።

"አድሰነዋል" አለች እህቴ፣ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና፣ እግሯን ከሣጥኑ ሳታነሳ። "አንቺ ብዪ፣ ዝም ብለሽ ብዪ።"

ዝም ብዬ በላሁ።